ለመዳሰስ የሚሠራ መጽሐፍ፦ 24 ናሙና ሠራሁ፣ ጣት የለየው 9ኙን ብቻ ነው

ሻካራና_ለስላሳ
ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የዲዛይን ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ለዓይነ ስውራን ሕፃናት የሚሆን፣ በእጅ እየተዳሰሰ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። 8 ገጽ አለው። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ጠዋት ከጋቢዋ ውስጥ ትነሳለች። እናቷ ቡና እስክታፈላ ድረስ ቤቱን በእጇ እየዳሰሰች ትዞረዋለች። ጋቢ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ሰሌን፣ መሶብ፣ ጥሬ ቡና፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒ። በየገጹ አንድ ነገር ብቻ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ስሰበስብ ነበር። ሸማ ተራ የጋቢና የነጠላ ቁርጥራጭ አገኘሁ። ምናለሽ ተራ ኬሻና የጎማ ቁራጭ ገዛሁ። ጫማ ሰፊዎች የቆዳ ትርፍራፊ በነፃ ሰጡኝ። ከፋይ፣ ጂንስ፣ ስፖንጅ፣ ቃጫ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አሸዋ፣ ጤፍ፣ ተልባ ጨመርኩበት። ሁሉንም 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ለጠፍኩ። 24 ናሙና ሆነ። ግድግዳ ላይ ሲደረደሩ በጣም ያምራሉ። አማካሪዬም ወዶታል።

ትናንት ሁለቱን እህቶቼን ዓይናቸውን በነጠላ አስሬ አስዳሰስኳቸው። ከ24ቱ ሳይሳሳቱ የለዩት 9ኙን ብቻ ነው። ኬሻና ቃጫ አንድ ሆኑባቸው። ጤፍና አሸዋም አንድ ሆኑ። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ጋቢው ነው። ታናሽ እህቴ ጣቷን አሳረፈችበትና «ካርቶን ነው» አለች። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። እውነቷን ነው። ደርቆ ቆርቆሮ መስሏል።

ጊዜው እየሄደብኝ ነው። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? በእጅ የሚሠራ ሰውም፣ ስለ መዳሰስ የሚያውቅ ሰውም ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

አናጺ_ነኝ
ሰኞ፣ ማታ 3:15

የጋቢው ነገር ግልጽ ነው። ቪናቪል ነው አይደል የቀባሽው? ጨርቅ ኮላ ይጠጣል። ኮላው ክሩ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ጋቢው ጋቢነቱ ይቀራል። ዙሪያውን ብቻ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቀቢው። መሃሉን አትንኪው። ከዚያም የሚሻለው መስፋት ነው። ካርቶኑን ዙሪያውን በወስፌ ብሺው፣ ከዚያ በመርፌ ያዥው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጣት ሲጫነው ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ማለት አለበት። አንዱን ድርብ ብቻ ለጥፈሽ ከሆነ ድሮም አቡጀዴ ነው የሚመስለው።

ጤፉንና አሸዋውን በተመለከተ ደግሞ፣ እንዳይረግፍ ብለሽ ከላይ ኮላ ደግመሽ ቀብተሽበታል ብዬ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ እህቶችሽ የነኩት ጤፍም አሸዋም አይደለም፤ የደረቀ ኮላ ነው። ከሥር ወፈር አድርጊና ነስንሺበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ገልብጠሽ አራግፊው። የቀረው ይቀራል። ጤፉን ግን ብትተዪው ይሻላል። አይጥ ይጠራል።

ማስቲሽ እንዳትጠቀሚ። ሽታው ወር ሙሉ አይለቅም። ሕፃን ልጅ መጽሐፍ አፍንጫው ሥር ነው የሚያደርገው።

ሻካራና_ለስላሳ
ሰኞ፣ ማታ 3:32

እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ጋቢውን አንዱን ድርብ ነው የለጠፍኩት፣ አሸዋው ላይም ኮላ ደግሜያለሁ። ነገ ሁሉንም ልጬ እንደ አዲስ እሠራዋለሁ።

ሥነ_ልቦና_ሦስተኛ_ዓመት
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

ከኮላው ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እህቶችሽ ሲዳስሱ ጣታቸውን አሳርፈው ነው ወይስ እያንቀሳቀሱ? «ጣቷን አሳረፈችበት» ስላልሽ ነው።

ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ዳቪድ ካትዝ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ሥራው ይህን አሳይቷል። ሸካራውን ነገር ጣታችን ቆሞም ያውቀዋል። ደቃቁን ግን ካልተንቀሳቀሰ አያውቀውም። ጣት ሲንሸራተት ቆዳችን ላይ ንዝረት ይፈጠራል። ከፋይንና ወረቀትን የምንለየው በዚያ ንዝረት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ድንበሩን ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። ከዚያ በታች የሆነ ነገር እንቅስቃሴ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ሱዛን ለደርማንና ሮበርታ ክላትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ጥናት ነው። ሰው አንድን ዕቃ በእጁ ሲመረምር እጁ ዝም ብሎ አይዞርም። ሻካራነቱን ማወቅ ሲፈልግ ጣቱን ወዲያ ወዲህ ያሻሻል። ጥንካሬውን ሲፈልግ ይጫናል። ቀዝቃዛ ይሁን ሞቃት ለማወቅ ዝም ብሎ ያሳርፋል። ቅርጹን ለማወቅ በእጁ ሙሉ ይጨብጣል፣ ዝርዝሩን ለማግኘት ደግሞ ጠርዙን ይከተላል። የሚፈልገው ነገር ሲለወጥ እጁም አብሮ ይለወጣል።

እንግዲህ ናሙናዎችሽን አስቢ። 24ቱም በሻካራና በለስላሳ ብቻ ነው የሚለያዩት። የሚጫኑት፣ የሚቀዘቅዝ፣ የሚጨበጥ የታለ?

አናጺ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:20

ይሄን 0.2 የተባለውን በብርጭቆ ወረቀት መሞከር ይቻላል። ቁጥር 80 ላይ ያለው ፍሬ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥር 60 ከዚያ ይተልቃል። 120፣ 220፣ 400 እያለ እየደቀቀ ይሄዳል። እኔ ጠረጴዛ ሳለሰልስ ዓይኔን አላምነውም፤ መዳፌን አንሸራትቼ ነው የምጨርሰው። አንድ አንድ ቅጠል ግዢና ከየቁጥሩ ቆርጠሽ ሞክሪው።

ሻካራና_ለስላሳ
ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ሞከርኩት! ከ60 እስከ 400 ያለውን ቆርጬ በአንድ ረጅም ካርቶን ላይ ለጠፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ዝም ብዬ አሳረፍኩ። 60ውን ወዲያው አወቅሁት፤ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ይወጋሉ። 80ው ላይ ትንሽ አመነታሁ። 220ውንና 400ውን ጭራሽ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም ወረቀት ናቸው። ጣቴን አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳንሸራትተው ግን ሁሉም ነገር ተቀየረ። 220ው ይቧጭራል፣ 400ው እንደ ድመት ምላስ ነው። ሳልንቀሳቀስ የጠፋው ልዩነት ስንቀሳቀስ መጣ።

ከዚያ እህቶቼን እንደገና አስቀመጥኳቸው። በዚህኛው «አሻሹት፣ ተጫኑት» አልኳቸው። ኬሻና ቃጫን ለዩ። ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ነው የለዩት። ጋቢውንም፣ አሁን ስለተሰፋ፣ አወቁት። ትልቋ «ይሄማ የእማዬ ጋቢ ነው» አለች፤ ቁራጩ በእርግጥም ከእማዬ አሮጌ ጋቢ የተቀደደ ነው።

በርሊን_ያለሁ
ረቡዕ፣ ማታ 4:05

ይሄ ውይይት በጣም ደስ ብሎኛል። እዚህ ጨርቃ ጨርቅ ነው የምማረው። የምትሠሪው ነገር በዲዛይን ትምህርት ውስጥ መቶ ዓመት ያስቆጠረ መሆኑን እንድታውቂ ብዬ ነው የምጽፈው። ጀርመን ውስጥ በነበረው፣ ባውሃውስ በሚባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት ሞሆይ-ናጂ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1928 ጀማሪ ተማሪዎችን የመዳሰሻ ሰሌዳ ያሠራቸው ነበር። ከለስላሳ ወደ ሻካራ፣ ከልል ወደ ጠጣር እየደረደሩ ነው የሚሠሩት። ጣታቸው የተሰማውንም በሰንጠረዥ ይሥሉት ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ኦቲ በርገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1928 ከተለያዩ ክሮች የመዳሰሻ ሰሌዳ ሠርታለች። መስማት ይከብዳት ነበር። በኋላ ታላቅ የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያ ሆነች። አይሁዳዊት በመሆኗ እ.ኤ.አ. በ1944 አውሽዊትዝ በሚባለው የናዚዎች የእልቂት ካምፕ ውስጥ ተገደለች። የሰሌዳዋን ፎቶ ባየሁ ቁጥር እጄን ወደ ስክሪኑ እሰዳለሁ።

አንድ ነገር ከእነሱ ብትወስጂ ጥሩ ነው። ናሙናን ነጥሎ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጋቢ ለስላሳ የሚሆነው ከሰሌን ቀጥሎ ሲመጣ ነው። የገጾችሽን ቅደም ተከተል ከዚህ አንጻር እይው። ጋቢና የጭቃ ግድግዳ ተከታትለው መምጣታቸው ጥሩ ነው። ሰሌንና መሶብ መከታተላቸው ግን ያሳስበኛል። ሁለቱም የተጠለፈ ነገር ናቸው።

የአለላ_ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3:30

ሰሌንና መሶብማ አንድ አይደሉም! እናቴ ስፌት ሰፊ ናት፤ እኔም ወስፌ ይዤ ነው ያደግሁት። ሰሌን ጠፍጣፋ ነው። አንዱ ቅጠል በሌላው ላይ እየተሻገረ ይሄዳል። በየትኛውም አቅጣጫ ብትዳስሺው እኩል ነው። መሶብ ግን ዙር ነው። ከመሃል እምብርቱ ተነስቶ እየተጠመጠመ ነው የሚሰፋው። ጣትሽን ከዙሩ ጋር ይዘሽ ስትሄጂ ይንሸራተታል። ዙሩን አቋርጠሽ ከመሃል ወደ ዳር ስትሄጂ ደግሞ ጉብ ጉብ ይላል፤ እንደ ደረጃ ነው። እናቴ የስፌቷን ጥራት የምታውቀው በዚያ ጉብታ ነው። ዙሩ እኩል ካልሆነ አውራ ጣቷ ላይ ይነግራታል፣ ትፈታዋለች።

ስለዚህ የመሶብ ቁራጭ ቆርጠሽ አትለጥፊ። ቁራጩ ላይ ዙሩ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፣ መሶብነቱ ይጠፋል። ትንሽዬ ሙሉ ዙር አሰፊ፤ እንደ ሙዳይ ክዳን ያለ፣ እምብርቱ ያለው። 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ልጁ መሃሉን አግኝቶ በጣቱ እየዞረ ይወጣል።

ደግሞ ቫርኒሽ እንዳትቀቢው። የሚያብለጨልጭ ስፌት ያምራል የሚል ሰው አለ። ለእጅ ግን ሁሉንም አንድ ፕላስቲክ ያደርገዋል። አክርማውም ስንደዶውም የራሱ ደረቅ ሽታ አለው፤ እሱም ይቅርበት አትበይ።

ሻካራና_ለስላሳ
ሐሙስ፣ ቀን 7:15

የአለላ ልጅ፣ ይሄን ስታነቢ ፈገግ እንድትዪ፦ በጠዋቱ ቁራጭ መሶብ ቆርጬ ልለጥፍ መቀስ አንስቼ ነበር። አስቀምጬዋለሁ።

ጥያቄ_ብቻ
ሐሙስ፣ ማታ 2:00

ሌዘር መቁረጫ ያለበት ቦታ ሄደሽ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ ሁሉንም ቴክስቸር ብታስቀርጪው አይቀልም? በብዛት ለማባዛትም ይመቻል።

ሻካራና_ለስላሳ
ሐሙስ፣ ማታ 2:25

አማካሪዬም ይሄንኑ ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ናሙና ሞክሬያለሁ። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ሲታይም ያምራል። ግን ሁሉም እንጨት ነው። ሙቀቱም ጥንካሬውም ሽታውም አንድ ነው። ጋቢም ቢቀረጽበት እንጨት ነው፣ ጀበናም ቢቀረጽበት እንጨት ነው። ለቅርጽ ጠርዝ እጠቀምበታለሁ፤ ለቴክስቸር ግን ትቼዋለሁ።

መምህር_ከጎንደር
አርብ፣ ጠዋት 2:10

እንደምን ሰነበታችሁ። ውይይቱን ከመጀመሪያ ጀምሮ በስልኬ ስክሪን አንባቢ ሳዳምጥ ቆየሁ። ዓይነ ስውር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ብርሃን የማላየው። ብሬል አስተምራለሁ። ልጄ፣ ሥራሽ ልቤን ነክቶታል። በእኔ ልጅነት በእጃችን የገባ የሥዕል መጽሐፍ አልነበረም። ስለዚህ ከልብሽ አድምጪኝ።

እህቶችሽን ማስዳሰስሽ ጥሩ ነው፤ ግን ምስክር አይሆኑም። ዓይኑን የታሰረ ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ሥዕል አለው። ጣቱ ጥቂት ፍንጭ ካገኘ ቀሪውን ሥዕሉ ይሞላለታል። «የእማዬ ጋቢ ነው» ያለችው ጋቢውን አይታው ስለምታውቅ ጭምር ነው። አይቶ የማያውቅ ልጅ የሚሞላለት የለም። በገጹ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያገኘው።

አሁን ስለ ጀበናው ልጠይቅሽ። ገጹ ላይ ጀበናን እንዴት ነው የምታደርጊው? በጎን የታየውን ቅርጽ ቆርጠሽ ከለጠፍሽ፣ ያ የጀበና ጥላ ነው። እኔ ጀበናን በጥላው አላውቀውም። ጀበናን የማውቀው እንዲህ ነው፦ ሆዱ መዳፌ ውስጥ ክብ ሆኖ ይሞላል። አንገቱ በሁለት ጣት ይያዛል። እጀታው ውስጥ ጣት ይገባል። ሸክላው ካልተጣደ ይቀዘቅዛል። ጥላውን ብትሰጪኝ ጠርሙስም ሊመስለኝ ይችላል፣ ዱባም ሊመስለኝ ይችላል። ግማሽ ክብ አድርገሽ ከገጹ ወጣ ብሎ እንዲቆም አድርጊው። ሙሉ ጀበና ባይሆንም ግማሽ ሆድ ይኑረው።

ሁለተኛው፣ በገጹ ላይ ጀርባውን ባዶ ተዪው። ዓይን ያላቸው ሰዎች ባዶ ቦታ ይፈራሉ፣ ማስጌጥ ይወዳሉ። ለጣት ግን ጌጡም ዋናውም እኩል ናቸው። ሻካራ ጀርባ ላይ ሻካራ መሶብ ከተቀመጠ መሶቡ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። መስመሮችንም አራርቂያቸው። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከተቀራረቡ ለልጅ ጣት አንድ መስመር ናቸው።

ሦስተኛው ብሬሉ ነው። በየገጹ የዕቃው ስም እንደሚኖር እገምታለሁ። ቦታውን አስቀድመሽ ለኪ። የአማርኛ ብሬል ፊደሉን በአናባቢው ነጥሎ ነው የሚጽፈው፤ ተነባቢው አንድ ሴል፣ አናባቢው ሌላ ሴል። ሴል ማለት እስከ 6 ነጥብ የሚይዝ አንድ የብሬል ቦታ ነው። «ጀበና» በቀለም 3 ፊደል ነው፤ በብሬል 6 ሴል ይሆናል። አንዱ ሴል ከሚቀጥለው ጋር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ወደ 3.6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ነጥቦቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከወረቀቱ ከፍ የሚሉት። እንግዲህ አስቢው። መጽሐፉ ሲዘጋ የጀበናው ሆድ ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ብሬል ይጨፈልቀዋል። አንዴ የተጨፈለቀ ነጥብ አይነበብም።

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚሰጧቸው ለእነሱ ታስቦ በሌላ ሰው ዓይን የተመዘነ ነገር ነው። አንቺ ገና ሳትጨርሺ መጠየቅሽ ትክክል ነው። ልጆቹ ዘንድ ሳትደርሺ ግን እንዳትጨርሺው።

ሻካራና_ለስላሳ
አርብ፣ ጠዋት 3:00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጀበናውን በትክክል እርስዎ እንዳሉት ነው ያደረግሁት፤ በጎን የታየ ቅርጽ፣ ከቆዳ የተቆረጠ። ስለ ብሬሉ መጨፍለቅ ጭራሽ አላሰብኩም ነበር። ዛሬ ከሰዓት ወደ አያቴ ቤት እሄዳለሁ። ባለፈው ፋሲካ የተሰበረ ጀበና አለ፤ አልጣለችውም።

አናጺ_ነኝ
አርብ፣ ጠዋት 3:40

መጨፍለቁን በጥረዛው መከላከል ይቻላል። በገጽና በገጽ መካከል፣ በጥረዛው በኩል፣ የካርቶን ዘንግ ደርቢ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድርብርብ ካርቶን። ውፍረቱ ከጀበናው ሆድ ትንሽ ይብለጥ። ያኔ መጽሐፉ ሲዘጋ ገጾቹ አይነካኩም። የአልበም አጠራረዝ ማለት ነው። ቀዳዳ ብሽና በወፍራም ክር እሰሪው። ስፓይራል አታድርጊ፣ ይህን ውፍረት አይችልም።

የሸክላ ስብርባሪው ጠርዝ ስለት ነው። ቁጥር 80ውን ውሃ እያስነካሽ ፍጪው፣ ከዚያ በ220 ጨርሺው። ዱቄቱን እንዳትተነፍሺው አፍሽን ሸፍኚ።

ሥነ_ልቦና_ሦስተኛ_ዓመት
አርብ፣ ቀን 6:30

ሸክላው የሚቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ ለሚጠይቅ፦ ሸክላውም ጋቢውም ክፍሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ የሙቀት መጠናቸው አንድ ነው። ሸክላው ግን ከጣታችን ሙቀቱን ቶሎ ይወስዳል፤ ጋቢው ውስጥ ያለው አየር ይዘገያል። ልጁ ጣቱን ገና እንዳሳረፈ ሳያሻሽም ሳይጫንም ይለያቸዋል። ከጋቢ ጀምረሽ ወደ መጨረሻው ጀበናና ሲኒ ላይ ብትደርሺ መጽሐፉ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ይሄዳል ማለት ነው። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ ቡናው እየፈላ ነው። ይሄን እንዴት እንደምትፈቺው አላውቅም፤ ግን አስቢበት።

የአለላ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 1:45

እናቴ ክዳኑን ሰፍታልሻለች። አንድ ቀን ከግማሽ ፈጀባት። በአንድ ቀለም ብቻ ይሁን አለች፤ «የሚያየው እጅ ከሆነ ቀለሙ ምን ያደርግለታል፣ ዙሩን እኔ ላሳምርለት» ብላ። እኔ ግን ትንሽ የሚያዩ ልጆችም ይኖራሉ ብዬ ዳሩን በጥቁር አለላ እንድትጨርሰው ለመንኳት፣ እሺ አለች። የት ላድርስልሽ?

መምህር_ከጎንደር
ቅዳሜ፣ ማታ 2:30

ስለ ዳሩ ልክ ነሽ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ጥቂት ያያሉ። ጥቁርና ነጣ ያለ ጎን ለጎን ሲሆን ይጠቅማቸዋል። እናትሽን ስሚልኝ፣ እጃቸው ይባረክ።

ሻካራና_ለስላሳ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ማታ 3:20

ይቅርታ፣ ጠፋሁ። መጽሐፉ የመጀመሪያውን ቅርጽ ይዟል። ዛሬ ጠዋት ዓይነ ስውራን ሕፃናት ወዳሉበት አንድ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። 5 ልጆች አንድ በአንድ ዳሰሱት። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉ ናቸው። የሆነውን እንዳልረሳው እዚሁ ልጻፈው።

ጋቢው ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ በጣቷ አልዳሰሰችውም። መጽሐፉን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ሦስቱ እንደዚያው አደረጉ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለዚህ ሲባል ገጹ መቅለል አለበት፤ ካርቶኑን አሳሳዋለሁ።

የጭቃው ግድግዳ አልተሳካም። ጭቃና ጭድ ለውሼ በቪናቪል ነበር የለጠፍኩት። መንገድ ላይ ተሰነጣጠቀ፣ ልጆቹ እጅ ላይ ረገፈ። አንዱ ልጅ የረገፈውን በጣቱ እያሸ «አፈር» አለ፤ ግድግዳ ግን አላለም። ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው፣ የእኔ ተኝቷል። ይሄን ገጽ ወይ አወጣዋለሁ ወይ መጽሐፉ ሲገለጥ እንዲቆም አደርገዋለሁ።

መሶቡ! መሶቡን ማስጣል አልቻልኩም። እምብርቱን አግኝተው በጣታቸው እየዞሩ ይወጣሉ፣ መልሰው ይገባሉ። አንዷ 11 ዙር ብላ ቆጠረችው። እኔ ቆጥሬው አላውቅም ነበር፤ ቤት መጥቼ ቆጠርኩት፣ ልክ ናት። የአለላ ልጅ፣ ለእናትሽ ንገሪያቸው።

ጥሬ ቡናውን ለየብቻ እየሰፋሁ ነበር ያሰርኩት፣ በክር መረብ ውስጥ። ከፍሬው መሃል ያለውን ስንጥቅ በጥፍራቸው ተከተሉት። ሰሌኑንም አልተሳሳቱም። ሲኒው ግን ቀላል ሆነባቸውና በፍጥነት አለፉት።

ጀበናው ላይ ሁሉም ቆሙ። የአያቴ ጀበና ሆድ ነው፤ ስብርባሪውን አለስልሼ ግማሽ ክብ ሆኖ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ። አንገቱንም አገኘሁለት። መዳፋቸውን ሲያሳርፉበት «ቀዝቃዛ» ይላሉ፣ ከዚያ «ጀበና»። አራቱ አወቁት። አምስተኛው የ7 ዓመት ልጅ ነው። ሆዱን ዳሰሰ፣ አንገቱን ያዘ፣ ከዚያ እጁን ወደ ጎን ሰደደ። ባዶ ወረቀት ላይ ወዲያ ወዲህ ፈለገ። ደግሞ በሌላኛው በኩል ፈለገ።

«እጀታውስ? ምን ይዛ ነው የምትቀዳው?» አለኝ።

እጀታው አያቴ ቤት ከስብርባሪው ጋር አልነበረም። ስላላገኘሁት እንደሆነ ለልጁ ነገርኩት። «ታዲያ ሥሪያ» አለኝ። ዛሬ ማታ በቃጫ ገመድ ፈትዬ፣ በሸክላ ዱቄትና በኮላ ለብጬ ልሞክር ነው። ጋሼ፣ ምን ያህል ይስፋ?

መምህር_ከጎንደር
ሐሙስ፣ ማታ 3:55

የልጁ ሁለት ጣት በደንብ ይግባበት፤ አራት ሴንቲ ሜትር ውስጡ ክፍት ይሁን። ከገጹ ላይ አትለጥፊው፣ ከሥሩ አየር ይኑረው። ደግሞ በቀኝ በኩል ብቻ አታድርጊ፤ ያንን ልጅ በየትኛው እጁ እንደፈለገው አስታውሺና በዚያ በኩል አድርጊለት።

ሻካራና_ለስላሳ
ሐሙስ፣ ማታ 3:58

በግራ እጁ ነበር።